ማዕበል ሲነሳ ማንን እንመርምር?

(ባሕር ዳር፣ በጾመ ነነዌ ዋዜማ፣ እሑድ ከሰዓት በተደረገ የማኅበር ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶቼ፣ ቡራኬያችሁ ይድረሰኝ። እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ እዚህ ፊት ለፊት ምንጣፉ ላይ ቦታ አለ፤ ኑ፣ ተጠጉ። በጠዋት ጀልባ ከዘጌ የመጣችሁ እንዳላችሁም ሰምቻለሁ። እንኳን ደህና መጣችሁ።

እኔ ሰባኪ አይደለሁም። ነርስ ነኝ፤ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። አብዛኞቻችሁ የምታውቁኝ «ሲስተር» በሚለው ነው። የማኅበሩ ልጆች ቤቴ ድረስ መጥተው «ሲስተር፣ በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ያየሽውን ንገሪን» ሲሉኝ እምቢ ማለት አልቻልኩም። የመጽሐፉን ምስጢር የሚያብራሩ መምህራን እዚሁ ተቀምጠዋል። እኔ ያየሁትን ልናገር።

ነገ ጾመ ነነዌ ይገባል። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። የዮናስ መጽሐፍ ይነበባል። አራት ምዕራፍ ብቻ ነው። ቡናው ከአቦል በረካ እስኪደርስ አንብባችሁ ትጨርሱታላችሁ። ዘንድሮ ግን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ስለ እኛ የተጻፈ ይመስላል።

ዘመኑ ከባድ ነው። ይህን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ያሳለፍነውን እናውቃለን። መንገድ ተዘግቶ ሰንብቷል። ስልካችን ያለ ኢንተርኔት ወራት ከርሟል። ልጆች ደብተራቸውን ሰቅለው ቤት ውለዋል። ሐይቁ ዳር ያሉ አስጎብኚ ልጆች እንግዳ ሲጠፋባቸው ጀልባቸውን አስረው፣ ከዘንባባው ሥር ተቀምጠው ውሃ ውሃውን ሲያዩ ውለዋል። ጤፉ፣ ዘይቱ፣ የቤት ኪራዩ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ከመካከላችን ቤቱ ሰው የጎደለበት አለ። እግዚአብሔር ያጽናችሁ።

ታዲያ በዚህ ሁሉ መሀል ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ ምንድን ነው? «ምን በድለን ነው?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ጥሩ ነው። ግን ትንሽ ይቆይና መልኩን ይለውጣል። «እነማን በድለው ነው?» ይሆናል። ያኔ ነገር ይበላሻል።

ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛ፣ መከራ ሁሉ ቅጣት አይደለም። ሁለተኛ፣ በመከራ ጊዜ ራሱን መመርመር የሚችለው በእግዚአብሔር የሚታመን ሰው ነው። ሦስተኛ፣ መታመን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ሁለተኛው ላይ እቆያለሁ። ልቤ ያለው እዚያ ነው።

አንደኛውን ልጀምር። መከራ ሁሉ ቅጣት አይደለም።

የኢዮብን ወዳጆች ታስታውሳላችሁ። ሊያጽናኑት ከየአገራቸው መጡ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ። አንድ ቃል አልተናገሩም። ከሠሩት ሁሉ ደግ ሥራቸው ያ ነበር። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ። «ያለ ነገር እንዲህ አልሆንክም፤ አንድ የበደልከው ነገር አለ» አሉት። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በማን ነው? በኢዮብ ነው? አይደለም። በወዳጆቹ ነው።

ጌታችንም በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለሞቱት 18 ሰዎች ተናግሯል። በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ እነርሱ በደለኞች ይመስሏችኋልን? አይደለም አለ። ከዚያስ? ጥያቄውን ወደ ሰሚዎቹ መለሰው። እናንተ ንስሐ ግቡ አላቸው። ልብ በሉ። የሞቱትን አልመረመረም፤ ቆመው የሚሰሙትን «ራሳችሁን እዩ» አላቸው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንዲት እናት ልጇ ሞቶባት ለቅሶ ተቀምጠናል። በር አጠገብ ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ። «ለኪዳነ ምሕረት ጥላ ተስላ ነበር እኮ፤ ስለቷን ሳታስገባ ቀርታ ነው» ትላለች አንዷ። ቀስ ብለው ነው የተናገሩት። ግን ሐዘንተኛ ጆሮው ንቁ ነው። ሰማች። ከወራት በኋላ ደም ግፊቷን ልለካ ክንዷ ላይ ጨርቁን እየጠቀለልኩ፣ ቀና ብላ አየችኝና «ሲስተር፣ እውነት በስለቱ ነው?» አለችኝ። ስለቱን ያላስገባችው ገንዘብ አጥሯት እንጂ ረስታው አልነበረም። የልጇ ሞት ሳያንሳት ያንን ቃል ተሸክማ ነበር የምትዞረው።

እባካችሁ። እባካችሁ እናቶቼ፣ እህቶቼ። ለቅሶ ቤት ስንገባ በእግዚአብሔር ወንበር ላይ አንቀመጥ። ንፍሮውን እናቅርብ፣ ውሃውን እንቅዳ፣ እቃውን እንጠብ። ከዚያ ዝም እንበል። እንደ ኢዮብ ወዳጆች፣ የመጀመሪያዎቹን ሰባት ቀናት ብቻ እንሁን።

አሁን ወደ ሁለተኛው ልሂድ።

አዳም በበደለ ጊዜ እግዚአብሔር «ወዴት ነህ?» ብሎ ጠራው። አዳም ምን መለሰ? «ፈራሁ፥ ተሸሸግሁም» አለ። የፈራ ሰው ይሸሸጋል። የተሸሸገ ሰው ደግሞ ራሱን አይመረምርም። ሲጠየቅ ሌላ ሰው ያሳያል። አዳም ሔዋንን አሳየ፣ ሔዋን እባብን አሳየች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛም ያው ነን።

እኔ ይህን በሥራዬ በዓይኔ አይቼዋለሁ። የ1990ዎቹን መጀመሪያ የምታስታውሱ ታላላቆች እዚህ አላችሁ። ኤች አይ ቪ በየቤቱ የገባበት ጊዜ ነበር። እድሩ የአንዱን ድንኳን ሳይነቅል ለሌላው ይጠራ ነበር። እኛ ነርሶቹ «ተመርመሩ፣ ተመርመሩ» እንላለን። ሰዉ ምን ይለናል? «አውቄ ምን ላደርግ?» ይለናል። ካርድ ያወጣል፣ አግዳሚው ላይ ተራውን ይጠብቃል፣ ስሙ ሲጠራ የለም። አንድ ሰው አስታውሳለሁ፤ ጎልማሳ ነው፣ ጋቢ የለበሰ። የምርመራ ክፍሉ በር ድረስ መጣ። እጀታውን ያዘ። ከውስጥ ሆኜ እጀታው ወደ ታች ሲወርድ አየሁት። ከዚያ ተመልሶ ወደ ላይ ወጣ። ኮቴው ሲርቅ ሰማሁ። በሩ አልተከፈተም።

በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ጀመረ። ወዲያው ሁሉ ነገር አልተለወጠም። ቀስ በቀስ ግን ሰዉ መጣ። ባል ሚስቱን ይዞ መጣ። እናት ልጇን አዝላ መጣች። ያው ክፍል ነው፣ ያው መርፌ ነው፣ ያው ደም ነው። ምን ተለወጠ? መድኃኒት መኖሩ ተሰማ! ሰው ለመመርመር የደፈረው መዳን እንዳለ ሲሰማ ነው።

ወገኖቼ፣ የነፍስም ነገር እንዲሁ ነው። ምሕረት መኖሩን ያላመነ ሰው ልቡን አይከፍትም። «ወደ ውስጥ ባይ የማየው ያጠፋኛል» ብሎ ያስባል። ስለዚህ በሩን ይዘጋና የጎረቤቱን ቤት ያያል። በእግዚአብሔር የሚታመን ሰው ግን ራሱ መርማሪውን ይጠራል። ዳዊት በመዝሙር 138 ምን አለ? «አቤቱ፥ መርምረኝ ልቤንም እወቅ» አለ። ማንም አላስገደደውም። ራሱ ነው የጠራው። የሚመረምረው እጅ የሚያክም እጅ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው።

ሰቆቃወ ኤርምያስንም ዛሬ ማታ እቤታችሁ ክፈቱት። ምዕራፍ ሦስትን። ከተማዪቱ ፈርሳለች። ሕዝቡ ተርቧል። በዚያ ፍርስራሽ መሀል ቁጥር 40 ላይ «መንገዳችንን እንመርምርና እንፈትን» ይላል። ከዚያ በፊት ግን፣ ቁጥር 22 ላይ ምን አለ? ያልጠፋነው ከእግዚአብሔር ምሕረት የተነሣ ነው አለ። ቅደም ተከተሉን እዩልኝ። መጀመሪያ ምሕረቱን አየ። ከዚያ መንገዱን መረመረ። ምሕረቱን ሳታዩ ወደ ራሳችሁ አትግቡ። እለምናችኋለሁ፣ ምሕረቱን ሳታዩ አትግቡ!

ለምን እንዲህ አጥብቄ እናገራለሁ? ይሁዳን አስቡት። ይሁዳ ራሱን አልመረመረም ልትሉ ትችላላችሁ? መረመረ እንጂ! በደሉን በትክክል አወቀው። በቃሉ ተናዘዘው። ሠላሳውን ብር መለሰ። ጴጥሮስም ጌታውን ሦስት ጊዜ ካደ። እርሱም ወጥቶ መራራ ልቅሶ አለቀሰ። ሁለቱም በደላቸውን አውቀዋል። ጴጥሮስ ግን ሄዶ ከወንድሞቹ ጋር ቆየ፤ ምሕረትን ጠበቀ። ይሁዳ ብቻውን ሄደ። ራስን መመርመር ያለ መታመን ሲሆን ሰውን ይጥለዋል። በዚህ ዘመን ጭንቀት የበረታበት፣ እንቅልፍ ያጣ፣ መኖር ያስጠላው ሰው በመካከላችን ሊኖር ይችላል። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ብቻህን አትሁን፣ ብቻሽን አትሁኚ። ለንስሐ አባትህ ንገር። ሐኪም ጋርም ሂድ። ሁለቱም ጋር ሂድ።

አሁን ወደ ዮናስ ልመለስ። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ማዕበል ሲነሳ ተኝተው የተገኙ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ ዮናስ ነው። ሌላው ጌታችን ነው።

ዮናስ ከእግዚአብሔር ፊት ሸሽቶ፣ የመርከብ ዋጋ ከፍሎ፣ ወደ መርከቡ ታችኛው ክፍል ወርዶ ተኛ። ከባድ እንቅልፍ ነው። ላይ ሰዎች ይጮኻሉ፣ ዕቃቸውን ባሕር ውስጥ ይጥላሉ፤ እርሱ ተኝቷል። ጌታችን ደግሞ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ አራት ላይ በጀልባዪቱ በስተኋላ ትራስ ተንተርሶ ተኝቷል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሁለቱ እንቅልፎች አንድ ናቸው። ዓይን ተጨፍኗል፣ ትንፋሽ ይሰማል። ግን አንዱ የሽሽት እንቅልፍ ነው፣ ሌላው የሰላም።

እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ። የእኔ ዝምታ የትኛው ነው? «እግዚአብሔር ያውቃል» እላለሁ። ታምኜ ነው የምለው? ወይስ ላለማየት? ልጁ በጫትና በመጠጥ ሲጠፋ እያየ «እግዚአብሔር ያውቃል» የሚል አባት አለ። ከወንድሟ ጋር ከተኳረፈች ዓመታት አልፈው «እሱ ይፈርዳል» የምትል እህት አለች። ቃሉ የእምነት ቃል ነው። እንቅልፉ ግን የዮናስ ሊሆን ይችላል። ይህን ከውጭ ሆኖ የሚለይ ሰው የለም። ባለቤቱ ብቻ ያውቃል። ለዚህ ነው ምርመራው የራስ የሚሆነው።

ደግሞ ይህን ተመልከቱ። ዮናስን ቀስቅሰው፣ ዕጣውም በእርሱ ላይ ወድቆ ሲጠይቁት ምን አለ? ይህ ማዕበል በእኔ ምክንያት ነው አለ። በዚያች መርከብ ላይ እያንዳንዱ ወደየራሱ ጣዖት ይጮኽ ነበር። ዮናስ ነቢይ ነው። «በእነዚህ ጣዖት አምላኪዎች ምክንያት ነው» ሊል ይችል ነበር። አላለም። ጣቱን ወደ ራሱ አዞረ። ሽሽቱ ያበቃው ያን ጊዜ ነው።

በማርቆስ ወንጌል ጀልባ ላይ ግን ጥፋተኛ የለም። «ወደ ማዶ እንሻገር» ያላቸው ጌታ ራሱ ነው። ታዝዘው ነው ማዕበል ያገኛቸው። ይህንንም አትርሱ። ታዝዘን፣ ጾመን፣ አሥራት አውጥተን ማዕበል ሊያገኘን ይችላል። እዚያም ቢሆን ጥያቄ ቀርቦላቸዋል፤ «ስለ ምን ትፈራላችሁ?» ተብለዋል። መቼ ተባሉ? በማርቆስ አጻጻፍ መጀመሪያ ነፋሱን ገሠጸ። ባሕሩ ጸጥ አለ። ከዚያ ጠየቃቸው። አያችሁት? እዚህም ምሕረቱ ቀደመ።

እሺ፣ ራሴን ልመርምር ብል ምኔን ነው የምመረምረው? ነነዌ ይህን ትመልስልናለች። ንጉሡ ከዙፋኑ ወረደ፣ ማቅ ለበሰ፣ አመድ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ያወጀው ጾም ብቻ አይደለም። ሰዎች ሁሉ ከክፉ መንገዳቸው፣ በእጃቸውም ካለው ግፍ ይመለሱ አለ። በእጃቸው ካለው ግፍ! እግዚአብሔርም ከክፉ መንገዳቸው መመለሳቸውን፣ ሥራቸውን አየ ይላል። ማቁን አየ አይልም።

ክፉ ቀን ሲመጣ ሁላችንም «እኛ ተጎጂ ነን» እንላለን። እውነት ነው፣ ተጎድተናል። ግን ተጎጂ ሆኜ ሌላውን ተጎጂ እየጎዳሁስ ቢሆን? መንገድ ተዘጋ ሲባል ዘይቱን ከመደርደሪያ አንስቶ ከኋላ የሚደብቀው ማነው? ከሩቅ የመጣ ነው? የኛው ሰው ነው። ተፈናቅሎ ሦስት ልጅ ይዞ ለመጣ ሰው የአንዲት ክፍል ኪራይ እጥፍ የሚጠይቀው ማነው? ሲመሽ፣ ምጥ የያዛት ሴት ስትሳፈር፣ የባጃጁን ሂሳብ ሦስት እጥፍ የሚያደርገው ማነው? የመስፈሪያ ጣሳውን ቂጡን በድንጋይ መትቶ ወደ ውስጥ የሚያጎደጉደው ማነው? በቴሌግራም ያልተጣራ ወሬ እየላከ የእናቶችን እንቅልፍ የሚነሳው ማነው? የእኔም ሙያ ከዚህ አይድንም። ለድሃ የመጣን መድኃኒት ከጓሮ የሚሸጥ ሰው በየትም አገር ይኖራል።

ይህን የምለው ላስቆጣችሁ አይደለም። ነገ ስንጾም እጃችንን ገልበጥ አድርገን እንድናየው ነው። በእጄ ምን አለ?

እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ይህን ጥያቄ በየማታው ትጠይቅ ነበር። ገበያ ላይ ምስርና አተር በጣሳ ትሸጣለች። ፊደል አልቆጠረችም። ማታ ሁሉም ሰው ሲተኛ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ትልና ፍሙን ታዳፍናለች። አመዱን በመጥረጊያ ቁራጭ ቀስ አድርጋ ትሰበስባለች፣ ፍሙ ላይ ታለብሰዋለች። እጇ ያንን እየሠራ አፏ ሰው ይቆጥራል። «ለዚያች ለነፍሰ ጡሯ ሰፈርኩላት። ሞላሁላት? አዎ፣ ሞላሁላት። ለአናጢው ሚስት ሰፈርኩላት። ሞላሁላት?» እንዲህ እያለች ቀኑን ሙሉ የሰፈረችላቸውን ትጨርሳለች። እኔ ቁርበቱ ላይ ተኝቼ እሰማታለሁ።

በ77 ድርቅ ጊዜ እህል እንደ ወርቅ ነበር። አንድ ማታ አንዷ ላይ ስትደርስ ቆመች። «ሞላሁላት?» አለች። መልስ የለም። ጠዋት እፍኝ ምስር በነጠላ ጫፍ ቋጥራ «ሂጂና፣ እትዬ፣ ትናንት ጎድሎብዎት ነው ብለሽ ስጫቸው» ብላ ሰደደችኝ። ያኔ ለእኛም ለራት አልነበረንም። «እማዬ፣ እሳቸው እኮ አላወቁም» አልኳት። «እኔ አውቄያለሁ» አለችኝ። ሌላ ነገር አልተናገረችም። ፍሙን ካዳፈነች በኋላ ደግሞ ታማትባለች፣ ትተኛለች። በዚያ ሁሉ ችግር እንቅልፍ አጥታ አላየኋትም።

ሦስተኛው አጭር ነው። መታመን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም።

ጣናን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጠዋት ውሃው ጸጥ ያለ ነው። ከሰዓት ነፋስ ይነሳል። ጀልባ ነጂዎች «በጊዜ ተሻገሩ» የሚሉት ለዚህ ነው። አንድ ዓመት የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረትን ዑራ አንግሠን ስንመለስ ቆየን። ከሰዓት ሆነ። መሀል ላይ ስንደርስ ነፋሱ ያዘን። ውሃው ከጎን እየመታ ወደ ውስጥ ይገባል። ሰው ይጮኻል። አንድ ጎልማሳ ብድግ አለና «በመካከላችን ኃጢአተኛ አለ! አለ!» እያለ ወደ አንዲት ወጣት ልጅ ያያል። ሱሪ ለብሳለች፣ ነጠላዋ በነፋሱ ወድቋል። ሰዉ ሁሉ ዞሮ ያያት ጀመር።

ጀልባ ነጂው ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ይቀመጡ። ጀልባ የሚገለብጠው የቆመ ሰው ነው» አላቸው። ከዚያ ግማሹ የተቆረጠ ጀሪካን ከእግሩ ሥር አነሳና አቀበላቸው። «በዚህ ውሃውን ቅዱልኝ።» እርሱ የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ማዕበሉ አዞረ። ሰውየው ተቀመጡና መቅዳት ጀመሩ። አጠገቤ የነበሩ አንዲት እማሆይ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያሉ ይጸልያሉ። አፋቸው ሲጸልይ እጃቸው የልጅቷን እጅ ይዟል። እስክንደርስ አልለቀቋትም። ሲጨላልም ባሕር ዳር ደረስን።

ማነው በዚያች ጀልባ ላይ የታመነው? ለእኔ ጸሎቱም መታመን ነው፣ ጀሪካኑም መታመን ነው፣ የልጅቷን እጅ መያዙም መታመን ነው። እነዚህ ደሴቶቻችን በ16ኛው መቶ ዓመት በነበረው ጦርነት ጊዜ የስንቱን ቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳትና ብራና ሸሽገው አቆይተውልናል። አባቶቻችን እየጸለዩ ነው የተሸከሙት። ታምነናል ብለው ሜዳ ላይ ጥለውት አልተቀመጡም።

ስለዚህ ይህን እንደ ነርስ ልለምናችሁ። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የምትወስዱ፣ «በጸበሉ ታምኛለሁ» ብላችሁ መድኃኒቱን አታቋርጡ። ጸበሉን ጠጡ፣ ተጠመቁ። መድኃኒቱንም ዋጡ። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብረው፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በሕይወት ሳሉ ጸበሉና መድኃኒቱ እንደማይጋጩ ተናግረዋል። መድኃኒት ትተው የሞቱ ሰዎችን ዓይን በእጄ የከደንኩ ሰው ነኝ። ከእናንተ አንድም ሰው እንዲጨመርባቸው አልፈልግም።

ብዙ አቆየኋችሁ። ለእነዚህ ሦስት ቀናት አንድ ልመና አለኝ። ማታ ማታ፣ መብራቱ ሳይጠፋ፣ የቀኑን ሰዎች በስማቸው አስታውሱ። ስለ ሌላው ቤት አታስቡ፤ ስለ መንግሥተ ሰማያት ምስጢርም አትጨነቁ። ዛሬ ያገኘሁት ሰው ከእጄ ምን ይዞ ሄደ በሉ። የጎደለበት ካለ በጠዋት ሂዱ። ጨምራችሁ ያስከፈላችሁ መልሱ። ያኮረፋችሁ ደውሉ። ዘይት ያላችሁ ነጋዴዎች ዘይቱን ወደ መደርደሪያው አውጡት፤ በዋጋው ሽጡት። ንስሐ አባታችሁን ካያችሁ የቆያችሁ ደግሞ ከረቡዕ አታሳልፉ።

የማኅበሩ ልጆች በሩ ላይ ለተፈናቀሉ ወገኖች ልብስና እህል ይቀበላሉ። ዛሬ ያልያዘ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ማምጣት ይችላል። ከአዳራሹ ጎን ባለችው ክፍል እኔና ሌሎች ነርሶች እስኪመሽ ድረስ እንቆያለን። ደም ግፊት እንለካለን። መድኃኒት ያቋረጠ ሰው ካለ አይፈር፣ ገብቶ ይንገረን። የሚቆጣው ሰው የለም። በሩ ክፍት ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።